ግማሽ የተሞሉ ሁለት ባትሪዎች

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ «አውቃለሁ» እያለ ነው የሚጠራው። ስም አጥቶ አይደለም፤ ገና ነገር ሳትጨርሱለት «አውቃለሁ» ስለሚል ነው። ዝናብ መጣ ብትሉት ያውቃል፣ የጫማህ ክር ተፈታ ብትሉት ያውቃል። እጁ ግን ወርቅ ነው፤ የሰቀለው በር ሠላሳ ዓመት ሲጢጥ ሳይል ይከፈታል። ሰውም ለእጁ ሲል ምላሱን ችሎለት ይኖራል።

ሚስቱ ከሁለት ወር በፊት ደረጃው ላይ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ግራና ቀኙ ባዶ ግድግዳ ነው፣ እጅ የሚይዘው ነገር የለውም። ሐኪሙ «በሁለቱም በኩል መደገፊያ ካልተሠራ ደረጃ እንዳትወጣ» ስላለ፣ ከሆስፒታል የወጣችው ምድር ቤት ወደምትኖረው ታላቅ እህቷ ዘንድ ነበር። እህትየው ደግሞ ነገ በጠዋት ሌላ ከተማ ወዳለችው ልጇ ትሄዳለች። «ነገ ከመሄዴ በፊት፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዣት እመጣለሁ» ብላለች። «መደገፊያው ካለ ትገባለች። ከሌለ ይዣት እሄዳለሁ፤ ሦስት ወር እዚያው ትከርማለች።» ይህች ሴት ቀልድ አታውቅም።

ሦስት ወር እንግዲህ! ሰውየው ሁለቱን ወር እንኳ እንዴት እንደገፋው እሱ ነው የሚያውቀው። ቀን ቀን ሥራውን ትቶ ሚስቱ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ ይውላል፣ ማታ ለሰው ድምፅ ሲል ራዲዮ ከፍቶ ብቻውን እራቱን ይበላል። የመደገፊያውን እንጨት ልጎ፣ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቶ ጨርሷል፤ የመጨረሻው ቅብ የደረቀው ትናንት ነው። የቀረው ግድግዳውን መብሳት ነበር፣ ሃያ አራት ቀዳዳ። «የአንድ ጠዋት ሥራ ነው» ብሎ በጊዜ ተነሣ።

የባትሪ መሰርሰሪያውን ከሣጥኑ አወጣና ጣቱን አሳረፈበት። ጭጭ። ባትሪውን ነቅሎ ቻርጀሩ ላይ ሰካው፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፣ አልቀበልም ማለቱ ነው። ሁለተኛውን ባትሪ ሰካ። እሱም ያው። ወገቡን የተመታ ያህል ኩምሽሽ ብሎ ተቀመጠ።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ «ባትሪ በደንብ ካልተራበ በደንብ አይጠግብም» ይሉት ነበር። ለዚያ ዘመን ባትሪ እውነት ነበር፤ እሳቸውም አልዋሹም። እሱም ሥራ በጨረሰ ቁጥር የመሣሪያውን ማስነሻ በጨርቅ ያስርና ድምፁ እስኪጠፋ ያስጮኸዋል፤ ከዚያ ባዶውን ያስቀምጠዋል። የዛሬው ባትሪ ግን ባዶ ሆኖ መክረም አይችልም። ሚስቱ በወደቀችበት ሳምንት እንዳስራባቸው ሣጥን ውስጥ ሁለት ወር ከረሙ፤ በዚያው ሞቱ።

ገመድ ያለውን አሮጌ መሣሪያውን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶታል፤ ልጁም ይዞት ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው። የቀረው የሴት ልጁ ባል ብቻ ነበር።

አማቹ የገበያ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ያረጁ ባትሪዎችን ፈትቶ ውስጣቸውን ይቀይራል። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አናጢው «ምስማር መትቶ የማያውቅ እጅ» እያለ ይንቀው ነበር። የዛሬ ስምንት ወር፣ መሣሪያው የተገዛ ለታ፣ እራት ላይ «አባባ፣ እነዚህ እንደ ድሮዎቹ አይደሉም፤ ባዶ አድርገው አያስቀምጧቸው» ብሎት ነበር። አናጢው ምን ብሎ እንደመለሰለት መገመት አያቅታችሁም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው። ከዚያ ሚስቱ በር ላይ ደርሳ ስትመለስ ታየችውና ደወለ።

«ባትሪዎቹ እምቢ አሉኝ» አለ።

«መጣሁ፣ አባባ» አለ አማቹ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዞ ደረሰ። የሞቱትን በመለኪያው አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ከደህና ባትሪ በሽቦ ትንሽ ብናቀምሳቸውስ?» አለ አናጢው። «ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ።»

«አይሆንም፣ እሱ ቤት ያቃጥላል። ቅርፊታቸው ደህና ነው፤ ሱቅ ወስጄ ውስጣቸውን ቀይሬ አመጣቸዋለሁ። ለዛሬ እነዚህ አሉ።» ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ባትሪዎች አወጣ። አንዱ መሣሪያው ላይ ቀጭ ብሎ ገባ፤ መሣሪያውም ጮኸ። የአናጢው ነፍስ መለስ አለች።

አንዱ ባትሪ ሲሠራ ሌላው ቻርጀር ላይ ሆኖ ሥራው ተያዘ። ግድግዳው ድንጋይ ነበር። ዘጠነኛው ቀዳዳ ላይ ባትሪው ደከመ፤ አናጢው ነቅሎ ወደ ቻርጀሩ ሲሮጥ አማቹ እጁን ያዘው።

«ግሏል፣ አባባ። መስኮቱ ጋ ጥላው ላይ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሰካል።»

«ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አማቹ ቀስ ብሎ።

ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ አናጢው ያን ቀን ገባው። ባትሪውን ጥላው ላይ አስቀምጦ ሌላውን ሰካ።

ሃያኛው ቀዳዳ ላይ አንድ ነገር ከነከነው። «አንተ መሰርሰሪያ የለህም» አለ። «እነዚህ ባትሪዎች የማን ናቸው?»

«የርስዎ።»

«እንዴት የኔ?»

«ያኔ እራት ላይ የነገርኩዎትን እንደማይሰሙኝ ገባኝ። የርስዎዎቹ አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠሩዎት አውቄ በነጋታው ገዛኋቸው። ግማሽ ድረስ ሞልቼ አስቀመጥኳቸው፤ ሲቀመጡ እንዲያ ነው የሚስማማቸው። በየወሩ እያወጣሁ አያቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም?»

«ሳይጠሩኝ ባመጣቸው ይከፋዎታል ብዬ ነው።»

አናጢው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ስምንት ወር ሙሉ እሱ ሲያጣጥለው፣ ይህ ሰው በየወሩ ለእሱ የችግር ቀን ባትሪ ሲጠብቅለት ኖሯል። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በእጅጌው ጠረገው።

«በድዬሃለሁ፣ ልጄ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ። ከልቤ ነው።»

«ኧረ አባባ፣ ምን ብለው። ይልቅ አራት ቀዳዳ ይቀረናል።»

የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። እህትየው ሚስቱን ይዛ በሰዓቷ ደረሰች። ሰላምታ ሳታቀርብ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰውነቷን ሁሉ ጥላበት ወደ ኋላ ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም። «ይሁን» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ሚስቱ ግራና ቀኙን ይዛ መውጣት ጀመረች። ባሏ ከኋላ ወገቧን ሊይዝ ሲል «ልቀቀኝ፣ ይሄ ይበቃኛል» አለችው። አርባ ሁለቱን ደረጃ፣ አራት ጊዜ እያረፈች፣ በራሷ እግር ወጣች። በሩን በመዳፏ ነካችና «ቤቴ» አለች። ባልየው ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

ያኔ አማቹ ከታች፣ ከግቢው ቀና ብሎ ተጣራ። «አባባ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ባትሪ ፀሐይ ደረሰባት፤ ቢያነሷት።»

«እሺ፣ ልጄ» አለና እንባውን ሳይጠርግ ሮጠ።

ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው «እሺ» ሲል ሰምታው አታውቅም። ባትሪዋን አቅፎ ሲመለስ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? ከመቼ ወዲህ ነው ሲነግሩህ የምትሰማው?»

«ቤትሽ ያስገባሽ እሱ ነው» አለ። «ከእንግዲህማ እሰማዋለሁ።»