ሠርገኞቹን ያስቆመው በረዶ

ሺጌኖ ከመንደሩ በላይ ያለው የተራራ መንገድ ጠባቂ ናት። ማዕበል ባለፈ ቁጥር ሽቅብ ትወጣና እስከ ደረቷ ጉድጓድ ቆፍራ የበረዶውን ንብርብር በእጇ ትዳስሳለች፤ ናዳ ያሰጋል ካለች መንገዱ ይዘጋል።

የቺናትሱ ሠርግ ዕለት ሦስት ቀን ያለማቋረጥ የጣለው በረዶ አባርቶ ነበር። ሺጌኖ ስትቆፍር ከላይ ያለው አዲስ በረዶ ጠጥሯል፤ ከሥሩ ያለው ግን እፍኟ ውስጥ አልጨበጥ ብሎ እንደ ስኳር በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። በአካፋ ጀርባ ሦስቴ መታ መታ ብታደርገው፣ የላይኛው ተንሸራቶ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ። እየሮጠች ወርዳ የመንገዱን መዝጊያ አጥር ዘጋች።

ሙሽራዋን ቺናትሱን ወደ ማዶው መንደር የሚወስደው አውቶቡስ ደርሶ ቆመ። የሙሽራዋ አያት ታሜጂ ወረዱ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ምን አስፈራሽ? ከአንቺ በፊት ይህን መንገድ የጠበቀው አባትሽ እንኳ እንዳንቺ ቦቅቧቃ አልነበረም።»

«ሰማዩን አይደለም፣ ጋሼ። ያ ሁሉ ክብደት የተቀመጠው ስኳር ላይ ነው።»

«ስኳርማ ሐኪም ከልክሎኛል» አሉና አኩርፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ቺናትሱ ነጭ ኪሞኖዋን፣ ረጅሙን የሙሽራ ቀሚሷን፣ ሰብስባ፣ በጎማ ቦት ጫማ ወርዳ እንጠብቅ አለች። ሁሉም ጠባቂዋ ቤት ገብተው ምድጃውን ከበቡ፤ ለሙሽራው ወገን የተጫነው የሩዝ ቂጣ ተከፈተ። ሺጌኖ ግን አልቀመሰችም። ናዳው ባይወርድስ? ሠርግ ያበላሸች ሴት ተብላ ልትቀር ነው።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ተራራው አጉረመረመ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ነጩ ጭጋግ ሲገለጥ መንገዱ የለም፤ ቤት የሚያህል በረዶ ተከምሮበታል። ታሜጂ ብድግ ብለው ሺጌኖ ፊት ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሱ።

ሺጌኖ ወጥታ ገደሉን መረመረች። እስከ አፈሩ ተራቁቷል፤ ከእንግዲህ የሚወርድ አልቀረም። ያን ጊዜ የበረዶ ጠራጊ መኪኖች እንዲገቡ ፈቀደች። ሙሽራውም በስልክ ሰምቶ ኖሮ ከነዘመዶቹ አካፋ ይዞ ከማዶ መጣ፤ ሠርገኛው ሁሉ ከወዲህ ይዝቃል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱ ወገን ተገናኘ። ጥቁር የክብር ልብሱ በበረዶ የነጣው ሙሽራ ቺናትሱን ሲያይ አካፋው ከእጁ ወደቀ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ለሠርጉ የተጫነው የሩዝ መጠጥ እዚያው በሁለት የበረዶ ግድግዳ መሃል ተቀዳ። ሺጌኖ ወደ ቤቷ ልታዘግም ስትል ታሜጂ ክንዷን ያዙ።

«ወዴት ነው? ከቤተ ዘመድ ጋር ነው የምትቀመጪው፤ ከእኔ ቀጥሎ።»

ሺጌኖም በአውቶቡሱ የፊት ወንበር፣ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች፣ ለሠርጉ ዘፈን እያጨበጨበች ሄደች።