ልክ ስትሆን እሰፋለሁ

ልጄን ውጭ አገር ለትምህርት የሚወስዳት የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። አስጠኚዋ እኔ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ቃሉን ከመጽሐፏ አነብላታለሁ፣ እሷ ትርጉሞቹን ትነግረኛለች። ልክ ስትሆን እሰፋለሁ፤ ስትሳሳት ፔዳሉን አቆማለሁ።

በፈተናው ዋዜማ «ራን» አልኳት።

«ሰው ሲሮጥ፣ ቧንቧ ሲፈስ፣ ሱቅ ማስተዳደር፣ ለምርጫ መወዳደር።»

«ወይ ቁጥብነት! አንዱን ቃል እንደ ቤት ሠራተኛ ውኃም ያስቀዱታል፣ ሱቅም ያስጠብቁታል።»

«አባዬ ሙት አታስቀኝ፣ ቀጥል።»

የምሰፋው የመንገድ ካፖርቷን ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድም ቃል አልሳተችም፣ ካፖርቱም የቀረው አንድ እጅጌ ነበር።

«ብሬክ» አልኩ።

«ብርጭቆ መስበር፣ ከሥራ ማረፍ፣ ቀን ሲነጋ።»

እግሬ ቆመ።

«ውይ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ። ክሩ ተበጥሶብኝ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ክሩ ደህና ነበር። ቀና ብላ ትንሽ አየችኝና መልሱን ከመጀመሪያው፣ ቀስ እያለች ደገመችልኝ።

ልክ ነበረች። ፔዳሉን ረገጥኩት።