ዓይን ያልተሠራላቸው አሥራ አንዱ

«አሁን ይቺን ምን ልበላት? ይቺ ንግሥት አይደለችም፤ ጥርሷን ያመማት ሴት ናት!»

ታላቂቱ ብሩሹን ውኃው ብርጭቆ ውስጥ ወረወረችው። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ተረጨ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የተለጠፈችው፣ ከአውራ ጣት የማትበልጠው የፕላስቲክ የጠንቋዮች ንግሥት በአንድ ዓይኗ ጣሪያውን፣ በሌላው ወለሉን ታያለች። አራተኛ ሙከራ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዓይኗ ፈጦ ወጣ። በሁለተኛው ቅንድቧ ላይ ዋለ። በሦስተኛው አንደኛው ደህና ሆነና ታላቂቱ ተደስታ ሳትጨርስ፣ ሌላውን ስትነካ ቀለሙ ጉንጯ ላይ ጠብ አለ። አራተኛው ይኸው እንደምታዩት ነው።

ከንግሥቲቱ ኋላ አሥር ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ ጆሮ ሹሎች፣ ድንኮች፣ አንድ ቀንዳም ጭራቅ። የካባቸው እጥፋት በጥላና በብርሃን የተለየ፣ የጥሩራቸው ጠርዝ የሚያበራ፣ ጫማቸው ላይ ጭቃ እንኳ ሳይቀር የተቀባላቸው ናቸው። ዓይን ግን አንዳቸውም የላቸውም። ዓይን በሌለው ፊት አሥር ሆነው ትክ ብለው ሲያዩዋት አናደዷት።

«እናንተ ደግሞ ምን አፍጣችሁ ታዩኛላችሁ?» አለቻቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄኔራሉ ይመጣል። ጄኔራል አይደለም፤ ባንክ ውስጥ ከመስታወት ኋላ የሚቀመጥ ክራባታም ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት የአርባ ዓመት ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሰሎቹ ጋር ጠረጴዛ ከብቦ፣ ባለነጥብ ዳይስ እየጣለ እነዚህን ምስሎች ሲያዋጋ ይውላል። ይሁን፤ የሚጠጣም አለ። ነገ የማኅበራቸው ዓመታዊ ውድድር ነው። በዚያ ውድድር ያሸነፈ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ አምሮ የተቀባ ጦር ያቀረበም ይሸለማል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የተሸለመው ታላቂቱ የቀባችው ጦር ነው።

ታላቂቱ የቀባችው ሲባል ግን ዓይኑን አይጨምርም። አምስት ቀን ሙሉ ቤቱን ያኮራረፈው ይኸው ነው።

ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ታላቂቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ታናሿ አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ። ታላቂቱ ሃያ ስድስት ዓመት በሳህንና በስኒ ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች ናት፤ ሳህኑ ሲሽከረከር ብሩሿን አስጠግታ ጠርዙ ላይ ቀለበት መሳል ነበር ሥራዋ። መስመር ስጧት፣ ዓይኗን ጨፍና ትስልላችኋለች። ታናሿ የሰዓት ሠሪ ሚስት ነበረች። ባሏ ዓይኑ ሲደክም፣ የቁንጫ ራስ የምታክለውን ብሎን በወረንጦ የምታስገባው እሷ ነበረች። ሰውዬው ከሞተ በኋላ ወደ እህቷ ጠረጴዛ መጣች፤ ታላቂቱ ልብሱን፣ ብረቱን፣ ቆዳውን ትቀባለች፤ ታናሿ ትንፋሿን ትይዝና ዓይኑን ታስገባለች። በብሩሹ ጫፍ ሁለት ጊዜ መንካት ነው፤ አለቀ። ምስሉ ድንገት ሰው ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ጄኔራሉ በስልክ ፎቶ ላከ። የአምናው ጦር በማኅበሩ መደርደሪያ ተቀምጦ፣ ከፊቱ ካርድ ቆሞለታል፤ ካርዱ ላይ የታላቂቱ ስም ብቻ ተጽፏል። ታላቂቱ ፎቶውን ለዘበኛው አሳየች፣ ለጎረቤቶቿ አሳየች፣ በመጨረሻ ለታናሿ አሳየች።

«ሰዎቹ ምን አሉ?» አለች ታናሿ።

«ዓይናቸው በሄድንበት ይከተለናል አሉ አሉ። ጉድ እኮ ነው!»

«ታዲያ ዓይኑን የሠራው ማን ነው ይላል ካርዱ?»

«አንቺ ደግሞ! ዓይን ምንድን ነው? ሁለት ነጥብ። ነጥብ ማንም ያደርጋል።»

ታናሿ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ ለጩኸትማ ታላቂቱ መልስ አታጣም። ብሩሿን አጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እንግዲያው ማንም ያድርገው» ብላ ደረጃውን ወረደች። አልተመለሰችም።

ታላቂቱ አሁን ንግሥቲቱን አስቀምጣ አንድ ድንክ አነሳች። ድንክ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ እሱ ይቀላል ብላ ነው። ማጉያ መነጽሯን አወረደች። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ትንፋሿን ያዘች። ያዘችና ያዘች፤ ልትታፈን ስትደርስ ነካችው። ነጥቡ አፍንጫው ላይ አረፈ።

«አፍንጫህን ይንሣህ!» ብላ ደፋችው።

እጇ አርጅቶ አይደለም። አርጅቷል የሚል ካለ ይምጣና የንግሥቲቱን የካባ ጫፍ ይይ፤ ከፀጉር የቀጠነ የብር መስመር ዙሪያውን ሄዶ ራሱን አግኝቷል። እጇ መስመር ነው የሚያውቀው። መስመር ሲጀምሩት ይሄዳል፤ ነጥብ ግን ከመጀመሩ ያልቃል፤ ማረሚያ ጊዜ የለውም። ይህን ለራሷም ቢሆን አታምንም። ጥፋቱን መጀመሪያ በብሩሹ፣ ቀጥሎ በቀለሙ፣ ቀጥሎ በመስኮቱ ብርሃን አሳበበች። የምታሳብብበት ሲያልቅባት ተነሥታ ደረጃውን ወረደች።

የታናሿን በር አንኳኳች። በሩ በግማሽ ተከፈተ።

«ምን ልታዘዝ?» አለች ታናሿ።

ከልጅነታቸው ጀምሮ «እትዬ፣ አንቺ» ስትላት የኖረች እህት፣ ዛሬ እንደ ሱቅ ሠራተኛ ልታዘዝ ትላለች!

«መቀስ ፈልጌ ነው።»

«እርስዎ መቀስ አለዎት።»

«ደነዘብኝ። ደግሞ እርስዎ የምትይው ማንን ነው? ከኋላዬ ሰው አለ?»

ታናሿ ገብታ መቀስ አምጥታ፣ እጀታውን ወደ እሷ አዙራ ሰጠቻት። የቀኝ አመልካች ጣቷ ላይ ቀለም የለም፤ ታጥቦ ጸድቷል። ታላቂቱ እሱን አየች።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለች ታናሿ።

«ሥራማ ሞልቷል።»

«ነጥቦቹስ?»

«ምን ነጥቦቹ! ነጥብ ነው፤ ምን አለው?»

«ጥሩ ነዋ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ቀስ ብሎ የሚዘጋ በር ታላቂቱ አትወድም።

ደረጃው መሃል ቆማ መቀሱን አየችው። ሦስት መቀስ አላት፤ አሁን አራት ሆነ። «ከይቅርታ በቀር ያላዋሰችኝ የለም» ልትል አሰበችና ማን ከማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ስላልተስማማችበት ተወችው።

ጄኔራሉ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሣጥኑን ይዟል፤ ውስጡ በስፖንጅ አሥራ አንድ ጉድጓድ ተቆርጦለታል። ትንሽ ወረቀትም ይዟል፤ ባዶ መስመር ያለበት ካርድ ነው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ! የት አሉ ልጆቼ?»

«ልጆችህ ትምህርት ቤት ናቸው። እነዚህ ወታደሮችህ ናቸው።»

ሳቀና ጎንበስ አለ። ካባውን ሲያይ «ዋው» አለ። ጥሩሩን ሲያይ «ይሄማ ከአምናው ይበልጣል» አለ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ደረሰ። ንግሥቲቱን አነሳ፤ ወደ መስኮቱ አዞራት፤ አስቀመጣት። ባንክ ቤት የሐሰት ብር ሲያይም እንዲህ ነው የሚያደርገው መሰለኝ።

«እማማ... ንግሥቲቱ ትንሽ...»

«ሸውራራ ናት። በለው፤ አትፍራ።»

«ሌሎቹ ደግሞ...»

«ዕውሮች ናቸው። ድንኩን እንዳታነሳው፤ በአፍንጫው ነው የሚያየው።»

ጄኔራሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክራባቱን ፈታ አደረገ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው እኮ መደርደር ያለባቸው። ያመመዎት ነገር አለ? ቀለም የሚረጭ ማሽን ያለው አንድ ሰውዬ አውቃለሁ፤ ካልሆነ እሱ...»

«ማሽን ዓይን ይሠራል? የሚረጨውን ሁሉ ሲረጭ የአፈር ጡብ አስመስሏቸው ይመልስልሃል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ብሎ ካርዱን አወጣ፤ እስክሪብቶ ከኪሱ መዘዘ። «ቢያንስ ይሄን እንሙላ፤ ዛሬ መላክ አለብኝ። ቀቢ የሚለው ላይ እንደ አምናው የእርስዎን...»

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ። ታላቂቱ ያቺን የቀለም ነጥብ አየቻት። ለሱ እንዴት ቀላል ነው! ተናደደች፤ በእስክሪብቶው ሳይሆን በራሷ ተናደደች፤ በዚህ ዕድሜ በራስ መናደድ ደግሞ ደስ አይልም።

«ቆይ፤ አትጻፍ።»

«ምነው?»

«ዓይኑን የምሠራው እኔ አይደለሁም። አምናም አልሠራሁም፤ ካቻምናም። እህቴ ናት።»

ጄኔራሉ አፉን ከፈተ። «እኔ እኮ እርስዎ ነዎት ብዬ ለሰው ሁሉ...»

«አሰብክ እንጂ እኔ ነገርኩህ? አልነገርኩህም።» ይህን ካለች በኋላ ለመከላከያ እንደማይበቃ ራሷም ገባት። «ስትጠይቀኝም ዝም አልኩህ። እንግዲህ ምን ላድርግ፤ ልትሰቅለኝ ነው? አንደኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ ነው በሯ። ሂድና ለምናት። እኔ ላክኩህ እንዳትል።»

«ታዲያ ከየት አወቅኩ ልበል?»

«ባንክ ትሠራ የለ እንዴ! የሆነ ነገር በል።»

ወረደ። ታላቂቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። የታናሿ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ ሳቀች። ታላቂቱን እንደሳቋ ያናደዳት ነገር የለም። ጄኔራሉ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ፣ ሳህን ሙሉ ብርቱካን ተልጦለት እጁ እየተጣበቀ ተመለሰ።

«እሺ ብለዋል» አለ።

«አላልኩህም? ነይ በላት እንግዲህ፤ ብርሃኑ ሳይሄድ።»

«ግን...»

«ግን ምን? ተናገር፤ እዚህ ወረፋ የለም።»

ጄኔራሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «መጀመሪያ ፊታቸው ይጥፋ አሉ። የሁሉም። እስከ ፕላስቲኩ።»

«ምን አልክ?»

«ያሉትን ነው የምነግርዎ። ‹ዓይን መጀመሪያ ይገባል፤ ቆዳው ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ይቀባል፤ ቢበላሽም በቆዳው ይታረማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቀ ፊት ላይ ስሠራ ስንት ጊዜ እንደታፈንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ደግሞ በተለቀለቀ ላይ አልሠራም። ራሷ አጥፍታ፣ ራሷ ይዛ ትምጣ፤ ቆዳውን እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ትቀባዋለች› ነው ያሉት።»

«አጠገቧ! ተማሪ ነኝ እንግዲህ!» ታላቂቱ ተነሥታ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሣች። «አራት ቀን ነው የፈጀብኝ ያ ቆዳ! ከጥቁሩ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ደራርቤ! የንግሥቲቱን ጉንጭ አይተሃል? እንደዚህ ያለ ጉንጭ በሕይወቴ ቀብቼ አላውቅም። አጥፊው ትላለች? አፏ እንዴት አልተሳሰረም?»

ጄኔራሉ የክራባቱን ጫፍ አገላብጦ አየ። ጎበዝ ነው፤ ሚስት ያለው ሰው ነው።

«ቆዳው አምሮ ዓይኑ ባይኖር ምናለ? ዓይናቸውን ጨፍነው ነው በላቸው።»

«አሥራ አንዱም፣ ጦር ሜዳ ላይ?»

ከታች በር ሲከፈት ተሰማ፤ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ ወንበር።

ታላቂቱ መሳቢያውን ስባ የአልኮሉን ጠርሙስና የጆሮ ጥጥ አወጣች። ጥጡን ነከረችው። ጄኔራሉ፣ «ከድንኩ ቢጀምሩስ፤ እሱ ለማንኛውም ተበላሽቷል» አለ።

«ከድንኩ ከጀመርኩ እዚህች ላይ ስደርስ ልቤ አይቆርጥም።»

ንግሥቲቱን በግራ እጇ ያዘቻት። ጉንጯን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ጥጡን አስጠግታ አሸችው፤ መጀመሪያ ሮዛው ለቀቀ፣ ቀጥሎ ቡናማው፣ ቀጥሎ ጥቁሩ፤ ግራጫው ፕላስቲክ ብቅ አለ።

«ዞር በል» አለችው ጄኔራሉን፣ ቀና ሳትል፤ «ብርሃኔን ከለልከኝ።»

አዲስ ጥጥ ነከረችና ጭራቁን አነሣች።