ከትከሻ ወደ ትከሻ

ዛሬ ሾፌር ማለት ሾፌር ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ነቀምቴ ላይ ሾፌር ማለት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሾፌሩ መሸሻ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ባኬ ጃማ ሰፈር መኪናዋን ሲያቆም ባለሱቆች ሥራቸውን ትተው ያዩታል። የቆዳ ጃኬቱን ቢሞቅም ቢበርድም አያወልቃትም። አባቱ ከሸዋ በጸሐፊነት መጥቶ ወለጋ የቀረ ሰው ነው። ፒክአፕዋ የነጋዴው የአቶ ማዘንጊያ ናት፤ መሸሻ ግን "መኪናዬ" ነው የሚላት፤ አቶ ማዘንጊያም እየሰሙ ያልፉታል።

አቶ ማዘንጊያ የማያልፉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያለ ስኮርታ ከከተማ መውጣት ክልክል ነው። ትርፍ ጎማው ከነክሪኩ ከኋላ ካልተጫነ መኪናዋ አትነሳም።

ያን ቀን ግን መሸሻ አወረደው። ጥር ላይ ሸዋጌጥን ሊያገባ ነው፤ ኑኑ ቁምባ በምትባል የገጠር ከተማ ደግሞ አንድ ወደ ሌላ አገር የተቀየረ ጸሐፊ ባለ ሞላ የብረት አልጋ ትቶለታል። አልጋው ተጋድሞ ካልተጫነ እግሮቹ ይጣመማሉ፣ ስኮርታው ካለ ደግሞ አይጋደምም። ጎማውንም ክሪኩንም ሌሊት ሳይነጋ ጓዳው ውስጥ አስቀመጠና፣ "ደርሶ መልስ ነው፤ ምን ይመጣል?" አለ። የሰይጣን ጆሮ ግን አልተደፈነም ነበር።

የአቶ ማዘንጊያን ስኳር ኑኑ ቁምባ አራግፎ፣ አልጋውን ጭኖ ሲመለስ፣ ቀትር ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አገኘ። ስምንት ናቸው፤ ከፊት ጆቴ የሚባል ትከሻው ሰፊ ገበሬ አለ። ቃሬዛው ላይ ወርቂቱ የምትባል ወጣት ሴት ተኝታለች። ልጁ አግድም መጥቶባት ምጥ ላይ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ፉፋና አባቷ ኦቦ ዋቅወያ ከጎኗ ይራመዳሉ፣ አዋላጇ አዴ ድርቤ ከኋላ።

በዚያ አገር ቃሬዛ ሕግ አለው። በሽተኛ በአገርህ ካለፈ ሞፈርህን ትጥላለህ፣ ድንበርህ ድረስ ትሸከማለህ። ድንበሩ ላይ የሚቀጥለው መንደር ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ሰጪው ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳገኛት፣ መንገድ ላይ ምን እንደገጠማት ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ተቀባዩ "ተቀብያለሁ" ይላል። ከዚያች ቃል በኋላ በሽተኛዋ እስከሚቀጥለው ትከሻ ድረስ የእሱ ናት።

መሸሻን ልወቅሰው ነውና መልካሙንም አልደብቅም፤ ሳይለምኑት ነው የቆመው። "አምጧት! ባንድ ሰዓት ሐኪም እጅ ላይ ነች" አለ።

ጆቴ ፊቱን አተኩሮ አየውና ሁሉንም እንደ ሕጉ ተናገረ። ሲጨርስ፣ "ትቀበላለህ?" አለው።

"ተቀብያለሁ አልኩህ እኮ! ጫኑ በሉ!"

ያቺን ቃል ሻይ እንደሚያዝ ሰው ቀለል አድርጎ ተናገራት። ለሠርጉ የያዘው መሆኑን ነግሯቸው፣ ወርቂቱን አልጋው ላይ ጋቢ አንጥፈው አስተኟት፤ ፉፋ፣ አባቷና አዋላጇ አብረው ወጡ። ጆቴና ሰዎቹ ላባቸውን ጠርገው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሩብ ሰዓት አልሄደም። ክረምቱ ያወጣው ስለታም ድንጋይ የፊተኛውን ጎማ በጎኑ ቀደደው። መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ሲል መሸሻ እንደምንም ይዞ፣ ቦዩ አፍ ላይ አቆማት። ወርዶ አየ። ጎማው ተተርትሯል፤ ማስቲሽ የሚለጠፍበት፣ ሳር እንኳ ተጠቅጥቆ የሚሄድ አልነበረም።

ኦቦ ዋቅወያ ወርደው አጠገቡ ቆሙ። ነጭ ጺም ያላቸው፣ የወንጌል ማኅበር ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ ትርፍ እግር የላትም እንዴ?" አሉት።

"ነበራት፣ አባባ" አለ መሸሻ። ከዚያ ሳያስበው አፉ ቀደመው፤ "ትናንት ማታ ሌባ ወሰደው። ክሪኩንም አብሮ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሽማግሌው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ "አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም" አሉት። ከመኪናዋ ላይ ወርቂቱ ጮኸች። መሸሻ ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ አንድ ጊዜ አፍሮ ይገላገል ነበር። ግን ጃኬቱን እንደለበሰ የተቀደደውን ጎማ በጫማው ይረግጥ ጀመር።

ኦቦ ዋቅወያ ኩይሳ ላይ ወጡና በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ተጣሩ። ጥሪው ከኮረብታ ኮረብታ ተቀባበለ። ጆቴና ሰዎቹ ገና ቤታቸው አልደረሱም፤ እየሮጡ ተመለሱ። "ማል ታኤ?" አለ ጆቴ፣ ምን ሆነ ማለቱ ነው። ሽማግሌው የሌባውን ነገር ነገሩት። ጆቴ ሰዎቹን ወደ መኪናዋ ጠራ። አልጋውን ከነወርቂቱ አወረዱ፣ ሁለት አጠና ከሥሩ አሰሩ። ተቀብያለሁ ያለ ሰው ነውና አንዱ ጫፍ የመሸሻ ሆነ። ፒክአፕዋ በሦስት እግሯ ቦዩ አፍ ላይ ቀረች።

በመኪና አንድ ሰዓት የነበረው መንገድ በእግር የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። መሸሻ በተወለወለ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ፣ የአጠናው እንጨት የጃኬቱን ትከሻ እየፋቀው፣ ከጆሮው አንድ ክንድ ርቀት ላይ የወርቂቱን ማቃሰት እየሰማ ሄደ። በልቡ የሚያስበው ስለ ጫማው ቢሆን ደስ ባለው፤ የሚያስበው ግን ጓዳው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ስለቆመው ጎማ ነበር።

የመጀመሪያው ድንበር አንድ ሾላ ሥር ነው። አሥር ያህል ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ጆቴ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ወርቂቱ ዋቅወያ ናት፤ የፉፋ ሚስት። ምጥ ላይ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ይህ ሾፌር ተቀብሏት ነበር፤ ሌባ የመኪናዋን ትርፍ እግር ስለሰረቀው መንገድ ላይ ቀረ። አልጋው የሠርጉ አልጋ ነው፤ ለሷ ሰጣት።"

"ሌባው አይባረክ!" አለ ከተቀባዮቹ አንድ ሽማግሌ፣ በትሩን ወደ መሬት አዘቅዝቆ። "ሮጦ አያምልጥ፣ ተኝቶ አይረፍ!"

"ሃ ታኡ!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፤ ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። የመሸሻም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ራሱን ሲረግም በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የመሸሻ ውሸት ግን ከሸክሙ በላይ በየድንበሩ እየከበደ ሄደ። ሁለተኛው ድንበር ላይ የሰጠው ሰው ታሪኩን አሳምሮ ጨመረበት፤ ሾፌሩ ሌባውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳድድ አድሯል ተባለ። አንዲት ባልቴት አሬራ በቅል ይዛ መጣችና መሸሻን በገዛ እጇ አጠጣችው። "ገላቶሚ፣ ልጄ፣ እናትህ ትባረክ" ብላ አመስግናው እጁን ሳመችው። እርግማኑ በዚህም ድንበር ወረደ፦

"የዚህች ልጅ ደም ጎማውን በወሰደው አንገት ላይ ይዋል!"

"ሃ ታኡ!"

አሁን መሸሻ አፉን መክፈት አቃተው። ማንም ያየው አልመሰለውም፤ ኦቦ ዋቅወያ ግን አዩት። ደክሞታል ብለው አሰቡና ከሌላኛው ጎን ላለው ጎልማሳ፣ "ይህን ልጅ ተካው፣ ትንሽ ይረፍ" አሉ። መሸሻ እምቢ አለ። ትከሻው ቆስሎ ሸሚዙ በደም ተጣብቆ ነበር፤ ያ ሕመም ባይኖር ኖሮ ሰው ፊት መሄድ የሚችል አልመሰለውም።

ወደ ሦስተኛው ድንበር ሲቃረቡ ወርቂቱ መጮህ ተወች። አዴ ድርቤ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር። ሁሉም ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋን ፈሩ።

እዚያ ድንበር ላይ ጉሉማ የሚባል አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሰው የመንደሩ አለቃ ነው። ነገሩን ሰምቶ፣ "ተቀብያለሁ" አለና ወደ ኦቦ ዋቅወያ ዞረ። "አባት እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎ እርግማን ይበልጣል። ሌባውን እርስዎ ይርገሙት።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኔ ከአንደበቴ እርግማን አይወጣም፤ ጌታዬ አስተምሮኛል" አሉ። "አንድ ነገር ግን እመኛለሁ። ያንን ሰው ፊት ለፊት አይቼ፣ ጎማውን ለምን ፈለግኸው ልለው። ከልጄ የበለጠ ምን ቸገረህ ልለው። እሱን ብቻ።"

መሸሻ ከአጠናው ሥር ሆኖ ይህን ሰማ። መልሱን ያውቀዋል። ልጅቷ የተኛችበት አልጋ ነው መልሱ።

"አልጋ ነው" አለ።

ዞረው አዩት።

"ለዚህ አልጋ ነው፣ አባባ። ሌባ የለም። ስኮርታውን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ቦታ ያዘብኝ ብዬ። ቤቴ ነው ያለው።"

ያን ጊዜ ቢደበድቡት ቀላል ነበር። ማንም አልነካውም። ፉፋ ከፊት በኩል ተሸክሟል፤ ጥርሱን ነክሶ አንገቱን ሲያዞር የግንባሩ ሥር ተገትሮ ነበር። ትከሻውን ከአጠናው ሊያወጣ ቃጣው።

"ፉፋ!" አሉ ኦቦ ዋቅወያ። "አልጋው መሬት እንዳይነካ።"

ፉፋ ተመለሰ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ደፉና መራመድ ጀመሩ። ጉሉማ ብቻ ተናገረ፦ "እንግዲህ በቀሩት ድንበሮች አንተ ትናገራለህ።"

ሁለት ድንበር ቀርቶ ነበር። በሁለቱም መሸሻ ተናገረ። ሻይ ቤት ተቀምጦ በገበሬው አማርኛ ሲስቅ የኖረ ሰው፣ አሁን በተሰባበረ ኦሮምኛ ስለ ገዛ ጥፋቱ ይንተባተብ ነበር። አንደኛው ድንበር ላይ ሰዎቹ ስላልገባቸው እንደገና በል አሉት። ደገመው። የአንድ ጊዜ ሐፍረት ይበቃው ነበር የሚል ካለ፣ እኔም እንደዚያ እላለሁ፤ ሕጉ ግን እስኪገባቸው ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቡርቃ ጃቶ በኩል ከተማ ገቡ። የሚያውቁት ሁሉ በር በሩ ላይ ቆመው ነበር። አቶ ማዘንጊያ ከሱቃቸው ወጥተው፣ መኪናዬስ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ አልጋው ላይ ያለችውን ሲያዩ ዘጉት።

ሐኪሙ ወርቂቱን አተረፋት። ልጁን አላተረፈውም። ወንድ ነበር። ሐኪሙ ማንንም ሊወቅስ ሳይሆን እጁን እየታጠበ፣ እንደዋዛ፣ "በስምንት ሰዓት ብትደርሱ ኖሮ ልጁም ይተርፍ ነበር" አለ። መሸሻ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንደነበረ ያውቃል። ሁለተኛው ድንበር ላይ አሬራ ይጠጣ ነበር።

ያን ሌሊት የሆስፒታሉ አጥር ሥር አደረ። ጠዋት ኦቦ ዋቅወያ በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አቅፈው ወጡ። መሸሻ ተነስቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በአንድ እጃቸው ከለከሉት።

"ወርቂቱ ነቅታለች" አሉ። "ሁሉንም ነገርናት። ልጁ አያቶቹ ያረፉበት፣ አገሩ ይቀበር አለች። ፉፋ ከሷ ጋር ይቆያል። እኔ ደግሞ ተሸክሜው የምደርስበት አቅም የለኝም።"

"እርግማኑን ታንሳልኝ ብዬ ልለምናት፣ አባባ። አንድ ጊዜ ብቻ ልግባ።"

"እርግማን አላነሳችም፣ አልጣለችም። አንድ ቃል ነው የላከችህ።" ሽማግሌው ቃሉን ለመናገር የከበዳቸው ይመስል ወደ መሬት አዩ። "'ቀትር ላይ ሁለታችንን ተቀብሎ ነበር። ያስረከበው እኔን ብቻ ነው' አለች።"

መሸሻ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጥቅሉ ከጠበቀው በላይ ቀላል ነበር። ክብደት ቢኖረው በተሻለው። ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና፣ ጥቅሉን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ትናንት በመጣበት መንገድ ወጣ፤ ሽማግሌው ከኋላው ተከተሉ።

ከከተማው ሲወጣ የሚገኘው የመጀመሪያው ድንበር ላይ ትናንት የተሸከሙት ሰዎች ከእርሻቸው ወጥተው ቆመው ነበር። "ማን ነው?" አሉት፣ ሕጉ ነውና።

"የወርቂቱ ልጅ ነው" አለ መሸሻ። "ስም አልወጣለትም። እናቱ ደኅና ናት። እሱ መንገድ ላይ ቆይቶ ሞተ። ያቆየሁት እኔ ነኝ።"

እርግማኑን አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ማንም አልተራገመም። አንዱ ሰው ልጁን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ፤ መሸሻ አልሰጥም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሰዎቹም ኮፍያቸውን አውልቀው መንገዱን ለቀቁለት።