ድምፅ ማጉያው ካምባ ሲገባ

አገርነሽ የክትባቱን ሳጥን ከፍታ በረዶውን በጣቷ ነካችው፤ ዘጋችው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግማ ከፈተችው።

«ሲስተር፣ በከፈቱት ቁጥር እኮ ይቀልጣል» አላት ሾፌሩ ካሱ፣ ከመኪናው ጥላ ሥር እንደተቀመጠ።

መልስ ሳትሰጠው ወደ መንገዱ ሄደች። መንገዱ ላይ ሰው የለም።

ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የጥር ወር ነው። ኩፍኝ ከካምባ ከተማ በላይ ባሉት የጋሞ ቀበሌዎች ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። አገርነሽ ነርስ ናት፤ አሁን በዋናው ከተማ ላይኛ ሰፈር፣ ሴቻ፣ በሚገኘው ጤና ጽሕፈት ቤት የጤና ትምህርት ክፍሉን ይዛለች። አራት መቶ ልጅ ለመከተብ መጥታ እስከ ስድስት ሰዓት ያገኘችው አሥራ አንድ ነው፤ እነሱም የመምህራንና የፖሊስ ልጆች ናቸው። መኪናው ጣሪያ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ግን አላረፈም። «ወላጆች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ!» ይላል። ድምፁ የራሷ የአገርነሽ ነው። ካሴቱን ስትቀዳ ጥርት እስኪል ሦስት ጊዜ ደጋግማዋለች። ባለፈው ኅዳርም ይኸው ካሴት እዚሁ ቦታ ጮኾ ነበር፤ ያኔም የወጣ ሰው አልነበረም።

«ቤታቸው ሄደን ለምን አንጠይቃቸውም?» አላት ታዴዎስ። የአንደኛ ደረጃ መምህርና የወንጌል ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ነው፤ ለማስተርጎም ነበር የተመደበላት።

ዳገቱን ወጡ። ያገኙት የመጀመሪያው ቤት በሩ ክፍት ነው፤ እሳቱ ይጨሳል፤ ሰው ግን የለም። ታዴዎስ ወደ ጓሮ ዞረና በእጁ ጠራት። እንሰቱ መሀል አንዲት ሴት ሁለት ልጆች አቅፋ ቁጢጥ ብላለች። የትንሹን አፍ በመዳፏ ይዛዋለች።

«ሻሺቱ ትባላለች» አለ ታዴዎስ። በጋሞኛ አናገራት፤ እየተረጎመም ለአገርነሽ ይነግራታል።

«ለምን ተደበቅሽ?»

«መኪናው መጣ።»

«መኪናው ምን አደረገሽ?»

«ወንድሜን ወሰደብኝ።»

በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ልክ እንዲህ ያለ ድምፅ የተሸከመ መኪና ገበያው መሀል ቆሞ ሰውን ለስብሰባ ጠራ። የወጡትን ጎረምሶች ወታደሮች ከብበው ጭነው ሄዱ። የሻሺቱ ወንድም ከዚያ አፈሳ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን እየያዙ እንሰት ውስጥ ይገባሉ። ምን እንደሚል የሚያዳምጥ የለም፤ ደግሞም የሚለው በአማርኛ ነው።

«ኅዳር ላይስ?» አለች አገርነሽ።

«ያኔም ሦስቱን ይዤ እዚሁ ነበርኩ።»

አገርነሽ ልጆቹን አየች። ሁለት ናቸው። ታዴዎስን ቀና ብላ ስታየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሴቷ ልጅ በገና ሰሞን በኩፍኝ ሞታባታለች» አላት።

ሻሺቱ የአገርነሽንና የታዴዎስን ፊት ተራ በተራ አየች። ከዚያ ታዴዎስን ጠየቀችው። «ያን ቀን መኪናው ምን ነበር የሚለው?»

ታዴዎስ መሬት መሬት እያየ ነገራት።

እጇን ከልጇ አፍ ላይ አነሣችና ለረጅም ጊዜ መዳፏን ስታይ ቆየች። ከዚያ ብድግ ብላ ሁለቱን ልጆቿን እየጎተተች ዳገቱን ወረደች፤ አስከተበቻቸውና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አገርነሽ በዚያ ሳምንት ቢሮ ገብታ አንድ መስመር ጽፋ ትነሣለች፤ ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ በእግሯ ወርዳ ምን ልትገዛ እንደወረደች ይጠፋባታል። በመጨረሻ አለቃዋ አቶ ሰይፈሥላሴ ዘንድ ገብታ፣ በድምፅ ማጉያው ፋንታ በገበያ ቀን ድራማ እናሳይ አለቻቸው።

«ድራማ?» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «እኛ እኮ ጤና ጽሕፈት ቤት ነን፤ ቴአትር ቤት አይደለንም። ካሴቱን በጋሞኛ ቅጂውና ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ እንጨምርልሽ።»

«ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ የሚያስፈራቸው መኪናው ነው። በጮኽን ቁጥር ይሸሹናል።» ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ሳትቀመጥ እንደገና ሄደች።

«ኧረ ተቀመጪ፤ ራሴን አዞርሽው!» አሉ። ጥቂት አሰቡና፣ «የሦስት መቶ ልጅ ክትባት አለኝ። አንድ የገበያ ቀን እሰጥሻለሁ። ካልሆነ በእኔው መንገድ ትሠሪያለሽ» አሏት።

ካሱ ድምፅ ማጉያውን ከጣሪያው ላይ ፈትቶ አወረደው።

ካምባ ስትገባ ስምንት ገጽ ድርሰት በአማርኛ ጽፋ ይዛ ነበር። ታዴዎስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መዘምራኑን፣ ከኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺዎቹን፣ የወፍጮ ቤቱንም ሠራተኛ ሰብስቦ ጠበቃት። ሁለት ገጽ እንዳነበበች አንዱ አዛጋ፤ ሌላው ተከተለው።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አላት ታዴዎስ፣ «ይኼ ያው ካሴቱ ነው፤ እግር አውጥቶ መጣ እንጂ።»

አገርነሽ ወጥታ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ድርሰቱ ለሁለት ሌሊት የደከመችበት ነው። ተመልሳ ስትገባ ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ «እሺ፣ እናንተ ሥሩት፤ እኔ ስለ በሽታው የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በጋሞኛ ሆነ። መዘምራኑ ያለ ከበሮ እንዘምር አሉ፤ ከበሮ መቺዎቹ ካልመታን ምን ልንሠራ መጣን ብለው ግማሽ ቀን ተኳረፉ። ሲስቁ አገርነሽ የታዴዎስን እጅጌ ትጎትታለች። «ምን አሉ? ምን አሉ?» የሚላትን ከግማሽ በላይ ሳትሰማ የሚቀጥለው ሳቅ ይመጣል። ከላይ ካሉት ቀበሌዎች የሞተ ልጅ ወሬ ሲደርስ ግን እሷ የገበያው ቀን ስንት እንደቀረው ታሰላለች።

በአራተኛው ቀን ሻሺቱ በሩ ላይ ቆማ ታየች። የጠራት የለም። የምትደበቀዋን እናት ሆና የምትጫወተዋ ዘማሪት እየጮኸች ስታለቅስ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«እናት ስትደበቅ እንዲህ አታለቅስም» አለች። «ልጇን እንዳታስይዝ ትንፋሿን ትውጣለች።»

ዘማሪቷ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠቻትና ቦታውን ለቀቀችላት።

ሐሙስ፣ የገበያው ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ፈቅደው፣ የአገሩን ጉዳይ በሚጨርሱበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ላይ ተጫወቱ። ካሱ መኪናውን ሩቅ አቁሞ የክትባቱን ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ቆርቆሮ ጠቅልሎ አፉ ላይ ደግኖ፣ እንደ መኪና እየተንገጫገጨ በማይገባ አማርኛ ሲያንባርቅ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሻሺቱ የጨርቅ ሕፃኗን ታቅፋ ልትደበቅ ሮጠች። ከዚያ መሀል ላይ ቆመች።

ይኼ በልምምዱ አልነበረም። ጨርቁን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። ሳቁ ከፊት ተነሥቶ እስከ ኋላ ድረስ ጠፋ።

«ምን አለች?» አገርነሽ የታዴዎስን ክንድ ያዘች። ታዴዎስ «ስለ ሞተችው ልጇ» ብቻ አላት፤ ሌላውን አልተረጎመም፤ ዓይኑ ሞልቷል። አገርነሽ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ‹ኑ፣ ተራ ያዙ› ልትል ዳዳት። ታዴዎስ እጇን ሳብ አደረጋት።

«ይቆዩ፣ ሲስተር።»

መቆየት እንደዚያን ዕለት ከብዷት አያውቅም። ሻሺቱ ጨርሳ ሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው አገርነሽን አመለከቱ።

«ያ መኪና ውስጥ የሚጮኸው ማን ነበር?» ይላሉ፤ አሁን ታዴዎስ ተረጎመላት።

‹መንግሥት ነው› ልትል ትችል ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። «ድምፁ የእኔ ነው። አልጠየቅኳችሁም፤ ጮኽኩባችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው መርፌው ልጅን ምን እንደሚያደርግ ጠየቁ። ሊያተኩሰው እንደሚችል፣ በጥቂት ቀን እንደሚለቀው ነገረቻቸው። የልጅ ልጃቸውን አስጠርተው ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ እንሰቱ ጥግ ደረሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክትባቱ አለቀ። ሰልፉ ግን ገና ስልሳ ልጅ አለው። «ሰኞ እመለሳለሁ» ስትላቸው እናቶቹ አዩዋት። ከመኪና የወረደ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ያውቃሉ።

ሴቻ ያለው የክትባት ፍሪጅ ባዶ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ጥያቄ ጽፈው ምላሽ ሊጠብቁ ሲቀመጡ፣ አገርነሽ ደብዳቤውን ከእጃቸው ተቀብላ በአውቶቡስ የክትባት ማከማቻ ወዳለበት ወደ ሶዶ ሄደች። እዚያ ያለው ኃላፊ እስኪፈርም ኮሪደሩ ላይ ስትንጎራደድ ዋለች፤ ሳጥኗን አስሞልታ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ካምባ ሲደርሱ እናቶቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ከስልሳም በልጠዋል። መኪናው ሳይቆም ወረደችና ሰልፉን በዓይኗ ፈተሸች።

ሐሙስ ሳይከተቡ ከቀሩት ልጆች ሁለቱ የሉም። ኩፍኙ ቀድሟቸዋል፤ አንደኛው እየተሻለው ነው፤ ሌላዋን ቅዳሜ ቀብረዋታል። የነገረቻት ሻሺቱ ናት፤ በተሰባበረ አማርኛ፣ ያለ አስተርጓሚ።

አገርነሽ እጇን ታጠበችና ከፊት የቆመችውን እናት ልጇን እንድታቀርብ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ሻሺቱ ጎንበስ ብላ የሕፃኑን እጅጌ ሰበሰበችለት።