ብድግ ካላደረጉት የማይከፈተው በር

ሮብ ገበያ ውስጥ ማንጠግቦሽን የማያውቅ ካለ ድንች በልቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በድንች ንግድ ልጆቿን ያሳደገች፣ በሚዛኗም በምላሷም የማትታማ ሴት ናት። አንድ ነገር ግን ማንም አያውቅባትም። የመጨረሻ ልጇን እስከዳርን በወለደች ሰሞን አእምሮዋ ታውኮ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር በነበረው የአእምሮ ሕሙማን ቤት አንድ ክረምት ከርማለች። ለአገሬው የተነገረው “ዲማ ጠበል ገብታለች” ተብሎ ነው። ጠበል መግባት ያስከብራል፣ እብድ ቤት መግባት ዘር ያሰድባል። አገሬው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ! ገበያ ላይ “እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው” ተብሎ ሲሳቅ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

አሁን እስከዳር ልትዳር ነው። እሑድ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተሰብስበው ቃል ያስራሉ። ቃል ከመታሰሩ በፊት ደግሞ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ ትልቁ ሽማግሌ ሁለቱንም ወላጆች በማርያም አስምሎ “ከዘራችሁ ያበደ አለ ወይ?” ይላል። ማንጠግቦሽን እንቅልፍ የነሣት ይኸው ነው። ብትዋሽ በማርያም ስም ነው፤ እውነቱን ብትናገር የልጇ ትዳር ገደል ይገባል።

ከእሑዱ ቀደም ብሎ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውላ ስትመለስ እስከዳርን ከሚያገባው ልጅ አባት ከቢተው ጋር ተገጣጠሙ። ወደ መነኸሪያው እያወሩ ሲሄዱ ሰማዩ ያለ ወቅቱ በረዶ አወረደ። ቢተው ጋቢውን ተከናንቦ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ባዶ ግቢ ሮጠ፤ ተከተለችው። ቀና ብላ አየች። ያው ቤት ነው።

ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግማሹ ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወስዷል፣ በሽተኞች ፀሐይ ይሞቁበት የነበረውን በረንዳ ሳማ ወርሶታል። ቢተው ጣራ ያለው አንድ ክፍል አየና በሩን ገፋ። እንቢ አለው። በትከሻው ገፋው፤ አሁንም እንቢ።

“ይተዉት አያ ቢተው፣ እንዲያ አይሆንም” አለችና እጇን ከሥር ሰድዳ በሩን ብድግ አድርጋ ሳበችው። ተከፈተ። አስባበት አይደለም፤ እጇ ነው ያስታወሰው።

ቢተው በሩን አየ፣ እጇን አየ። “ይህን ቤት ያውቁታል እንዴ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ?”

ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በመስኮቱ ሥር አልጋዋ የነበረበትን ጥግ አየች። ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ልጇን ስትጣራ የምታነጋ ወጣት ነበረች እዚያ፤ ያችን ወጣት እንደገና መካድ አሳዘናት።

“አውቀዋለሁ። ከርሜበታለሁ” አለች፤ በልቧም “አለቀ” አለች።

ቢተው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። “ይስማው የሚባል ያስታውሳሉ? ረጅም፣ ቀይ።”

“በሬ የሚጠራው?”

የቢተው ፊት ተለዋወጠ።

“ቀኑን ሙሉ ግቢውን ሲያርስ ይውላል” አለች፤ “በሬ የለ፣ ሞፈር የለ። ‘ና ቦራ! ተመለስ ዳልቻ!’ ይላል። በሬዎቹ ሳይበሉ እህል አይቀምስም፤ ሣር የማጭድለት እኔ ነበርሁ። እሑድ ግን አያርስም። እብድ ብንሆንም ሰንበት አልሻርንም።”

ቢተው ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። “ቦራና ዳልቻ የአባታችን በሬዎች ናቸው። ይስማው ወንድሜ ነው። ስንቁን ለዘበኛ ሰጥቼ እመለስ ነበር እንጂ፣ ሰው እንዳያየኝ ብዬ አንድ ቀን ከአጥሩ አልገባሁም። እዚሁ ሞተ። ዘመድ ሳያየው ሞተ እያልሁ ስቃጠል ኖርሁ።”

“እኔ አይቼዋለሁ” አለችው።

በረዶው አባርቶ እስኪለያዩ ድረስ ስለ እሑድ አንዳቸውም አላነሡም። ማንጠግቦሽ ቤቷ የገባችው ስትሄድ ከነበረችው ይብስ ተጨንቃ ነው፤ ሰው አልቅሶም ሐሳቡን ይለውጣልና።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሽማግሎቹ ማንጠግቦሽ ግቢ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ አባ ይታያል ሁለቱንም አስምለው ጥያቄውን ጠየቁ። ማንጠግቦሽ ልትናገር ተነሣች። ያን ጊዜ ቢተው ቀደማት።

“ከእኔ ይጀመር። ወንድሜ ይስማው አብዶ ነው የሞተው። ጠበል ሄዷል ያልኋችሁ ውሸቴን ነው።”

ጉርምርምታው ሳይበርድ ማንጠግቦሽ “ከእኔም አለ” አለች፤ “እኔው ነኝ።” በር ላይ የቆመችው እስከዳር መጥታ እጇን ያዘቻት።

አባ ይታያል ጢማቸውን እየጎተቱ፣ “እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን…” ብለው ጀመሩ።

ቢተው በዱላው የወይራውን ጥላ አሳያቸው። ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል። “እኩለ ቀን ካለፈ ቆየ እኮ አባ። እሷ ይኸው ልጅ አሳድጋ ለወግ አብቅታ ቆማለች። ወንድሜን ያበላች እጅ ናት፤ ይመርቁ።”

አባ ይታያል ጥላውን አዩ፣ ማንጠግቦሽን አዩ፣ ተነሥተውም መረቁ። እሷም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በነጠላዋ ሳትሸፈን አለቀሰች።