የሽሮው ጨው

ምስራቅ በዚያ ፍልሰታ የሰው አፍ መርማሪ ሆና ከረመች። በየቀኑ ወደ ቅዳሴ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱን ልጆቿን በር ላይ ታቆምና፣ «አፋችሁን ክፈቱ! ምላስ አውጡ!» ትላለች። የሰባት ዓመቱ ኤርምያስ ፊቱን ቋጥሮ ምላሱን እስከ አገጩ ያወጣል። የሦስት ዓመቷ ትርሐስ ጨዋታ ይመስላትና ዓይኗን ጨፍና አፏን ትበረግዳለች። የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ሕፃን ይዞ መጾም ምን እንደሚመስል፣ ባሏን ቄስ ገብረ አማኑኤልን ጨምሮ መቅደስ ውስጥ ለሚቆሙት ማን ይንገራቸው?

ነገሩ የስለት ነው። ሚያዝያ ላይ ትርሐስ ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ጉሉኮስ ተሰክቶላት፣ በማንኪያ የሚሰጧት ውኃ በከንፈሯ ዳር ተመልሶ ሲፈስ፣ ምስራቅ ግንባሯን የአልጋው ብረት ላይ ደፍታ፣ «እመቤቴ፣ ይችን ልጅ ብትተዪልኝ፣ በጾምሽ ከሁለቱም ልጆቼ ጋር ሆኜ ሥጋ ወደሙ እቀበላለሁ» ብላ ተሳለች። ትርሐስ ዳነች። ድናም ቤቱን ገለባብጣ ጣለችው።

ጾሙ ሲገባ ግን የማይሆን ነገር ሁሉ እየተነሣ መንገድ ዘጋባት። መጀመሪያ ትርሐስን ጉንፋን ያዛት። እሷ ሲሻላት ምስራቅ ራሷ ቤተ ክርስቲያን የማትገባባቸው ቀናት መጡ። ትናንት ደግሞ ኤርምያስ! ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ በር ላይ ሲቆም ምላሱ ንጹሕ ነበር፤ ቀኝ እጁን ግን ከኋላው ደበቀ። ጎትታ ብታየው ጣቶቹ ላይ የበለስ እሾህ እንደ ፀጉር ተሰግስጓል።

«አንዲት ብቻ ናት፣ እማ።»

«አንዲትም ብትሆን በልተሃል! እግዜርን ልታታልል ነው?»

ልጁ አለቀሰ። አንዱ ከጎደለ ስለቱ አይሞላምና ሦስቱም ቀሩ። ዛሬ የጾሙ የመጨረሻ ቀን ነው።

ስለዚህ ዛሬ፣ ልጆቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ ረኃብ እንዳይጥላቸው፣ ሽሮውን አስቀድማ ልትሠራ ገባች። እንጨቱ በዝናቡ ርሷል፤ ጭሱ ዓይኗን ያነደዋል። ትርሐስ ቀሚሷን ይዛ «ዳቦ! ዳቦ!» እያለች ትጎትታታለች። ኤርምያስ የአንድ እግር ጫማው ጠፍቶት በአንድ እግሩ ይዘላል። ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር እጇ የለመደውን አደረገ። በማማሰያው ጠብታ አነሣች፣ መዳፏ ላይ ጣል አደረገች፣ ላሰች።

ጨው የለውም፣ አለች በልቧ።

ያደረገችው የገባት ከዚያ በኋላ ነው። ደጅ ሮጣ ወጥታ እንትፍ፣ እንትፍ አለች።

«ቀመስሽ!» አለ ኤርምያስ ከበሩ።

«አልቀመስኩም! ጫማህን ፈልግ!»

«መዳፍሽን እንዲህ አድርገሽ…»

«ዝም በል ብያለሁ!»

ትርሐስን አዝላ፣ ኤርምያስን በእጇ ይዛ፣ በጭቃው ዳገቱን ወጣች። ልጁ ዝም እንዲል የተነገረውን አክብሮ ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ ከጩኸቱ ባሰባት። አልዋጥኩትም፣ አለች ለራሷ። ብውጠውስ ጠብታ ናት። ደግሞ ለማን ብዬ ቀመስኩ? ለገዛ ሆዴ ነው? አንዲት ብቻ ናት። ይህን ስትል ቃሉ የራሷ እንዳልሆነ ትዝ አላትና እርምጃዋን አፈጠነች።

በሴቶቹ በኩል፣ ከጎረቤቷ ከአሮጊቷ ከወለተ ገብርኤል ኋላ ቆመች። ቅዳሴው ተፈጽሞ ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ኤርምያስ የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አደረገ።

«እማ።»

«ምንድን ነው? በሥርዓት ቁም።»

ጎንበስ ስትልለት ጆሮዋ ሥር ገባ። «ለአባ አልነግረውም። ማንም ቢጠይቀኝ አልቀመሰችም ነው የምለው።»

ፊቱን አየችው። ተንኮል የለበትም። ያለውን ሁሉ አውጥቶ የሰጠ ሰው ፊት ነው። በዚህ ሁሉ ቀን ምላስ ስትመረምር ከርማ ያስተማረችው ይህን ኖሯል! ተናደደች፤ በልጁ ይሁን፣ በሽሮው ይሁን፣ በራሷ ይሁን አልለየችውም። እመቤቴ፣ አለች፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሳካልኝ ምን ነበረበት?

«እትዬ፣ ትርሐስን ይያዙልኝ። ኤርምያስንም ከፊትዎ ያድርጉልኝ።»

ወለተ ገብርኤል ዞሩ። «አንቺስ?»

«ቀምሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሽሮ።»

ከኋላ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «የቄስ ሚስት ሽሮ አላስችል ብሏት!» አለች ሌላዋ በሹክሹክታ። ወለተ ገብርኤል ሴቶቹን በዓይናቸው ገሥጸው ልጅቱን ተቀበሉ።

ምስራቅ ግድግዳው ሥር ቆማ አየች። ቄስ ገብረ አማኑኤል ለልጆቹ ካቀበለ በኋላ ዓይኑ እሷን ፈለገ፤ አጣት። እጁ አንድ አፍታ ቆም ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ልጆቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተመለሱ። ኤርምያስ ጸበሉን እስኪጠጣ መናገር ስለማይችል ዓይኑን አፈጠጠባት። እንደጠጣ፣

«እኔኮ አልተናገርኩም!» አለ።

«እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

«ለምን?»

«ቀምሼ ነበራ።»

«ታዲያ አንቺን ማን ይቆጣሻል?»

ትርሐስን ከወለተ ገብርኤል ተቀብላ አዘለች።

ባሏ ቤት ሲገባ ነገሩን ሰምቶ ቆቡን ሰቀለ። «ልጆቹ ተቀብለዋል። ግማሹን አድርሰሻል።»

«ስለት በግማሽ ይደርሳል?»

«ለንስሐ አባታችን ንገሪያቸው። የከርሞ ፍልሰታም አለ።»

«የከርሞ! እስከ ከርሞ የእነዚህን አፍ ስመረምር ልኑር?»

እጁን ሊታጠብ ሄደ። እሷም እንጀራውን ዘርግታ ሽሮውን ገለበጠች። ኤርምያስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሶ ማኘኩን አቆመ። አባቱን አየ፤ እናቱን አየ።

«ምን?» አለችው።

«ጨው የለውም።»

በዚያ ድንጋጤ ጨው መጨመሩን ረስታው ነበር። ቄስ ገብረ አማኑኤል አቀረቀረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ምስራቅ አልሳቀችም። የጨውን ጣሳ አንሥታ፣ በንዴት፣ ከሚገባው በላይ ነሰነሰችበት።

ትርሐስ ሁለት ጉንጯን ሞልታ መሶቡን በእጇ መታ መታ አደረገች። «ጨምሪልኝ!»

«ቆይ! መጀመሪያ የያዝሽውን ዋጪ» አለቻት ምስራቅ በቁጣ፤ እስክትውጥ ድረስም ዓይኗን ከልጅቷ ጉሮሮ ላይ አላነሣችም። ከዚያ ጨመረችላት።